የብሬከር ሳጥኑን ማን ይክፈተው?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ሳጥን ነው። በየቤታችን በር አጠገብ ወይም ኮሪደር ላይ ይሰቀላል፤ መብራት ካልሄደ በቀር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ባለሙያዎች «ቦርድ» ይሉታል፤ እኛ ለዛሬ የብሬከር ሳጥን እንበለው። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ የቤቱ ባለቤት ይህን ሳጥን ከፍቶ በገዛ እጁ ሽቦ ቢያስር፣ ብሬከር ቢቀይር ወይም አዲስ መስመር ቢጨምር ምን ችግር አለው?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ሶኬት ቀይረው፣ የአምፖል መያዣ አስረው፣ የተበጠሰ የካውያ ገመድ ቀጥለው የተሳካላቸው ናቸው። ብሬከርና ሽቦ መርካቶ ገብቶ ለመግዛት ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ከፍለው ያመጡት «ኤሌክትሪሺያን» የሠራውን አይተው ያዘኑም አሉ። ፒንሳና ቴስተር የያዘ ሁሉ ባለሙያ ነኝ በሚልበት ሰፈር «እኔው ብሠራው ይሻለኛል» የሚል ሰው ቢገኝ አይፈረድበትም።

የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ የሳጥኑን ውስጥ ለባለሙያ ተዉት። ይነዝራል፤ እሱ እውነት ነው፤ ወደ እሱም እንመጣለን። ከመንዘሩ በፊት ግን ላስቀድመው የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ የተበላሸውም ሥራ ማብራቱ። ቧንቧ ሠራተኛ መጋጠሚያውን ሳያጠብቅ ቢሄድ ውኃው በሰዓቱ ያሳጣዋል። በብሬከር ሳጥን ውስጥ ግን በደንብ የታሰረውም፣ በስህተት የታሰረውም ሽቦ ማብሪያውን ስትጫኑ እኩል ያበራል። «ሠራ!» ብላችሁ ክዳኑን ትገጥማላችሁ። ስህተቱም ከክዳኑ ጀርባ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እስቲ በምጣድ እንጀምር፤ በአገራችን ከቤት ዕቃ ሁሉ የብሬከር ሳጥኑን የሚፈትነው እሱ ነውና። የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። የቤታችን ቮልት 220 ነው። 3,500ን ለ220 ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። አሁን አንድ ቤት እናስብ። ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ባለ ሁለት ተኩል በምንለው፣ ማለትም በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ተዘርግቷል፤ ብሬከሩ 16 አምፔር ነው። ምጣዱ ብቻውን ሲሠራ ብሬከሩ ልኩ ላይ ደርሷል። በዚያው መስመር በዲቫይደር 2,000 ዋት የሚስብ የውኃ ማፍያ ሲሰካ ጭነቱ 25 አምፔር ይሆናል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። ይመልሱታል፤ ደግሞ ይወርዳል። ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይቀራል፣ የጋጋሪዋም ትዕግሥት ያልቃል።

አባወራው ሳጥኑን ከፍቶ ያያል። «ይቺ ብሬከር ደክማለች» ይልና 32 የተጻፈበት ገዝቶ ይተካል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከሩ አንድም ጊዜ አይወርድም። ቤተሰቡ ያመሰግነዋል፤ ጎረቤትም መጥቶ ያማክረዋል።

ምን ተፈጠረ መሰላችሁ? ብሬከር እዚያ የተቀመጠው ምጣዱን ወይም ሰውን ለመጠበቅ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለመጠበቅ ነው። ባለ ሁለት ተኩል የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ እንደ አዘረጋጉ፣ የሚችለው 20 አምፔር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 32 የተጻፈበት ብሬከር ደግሞ በደንብ የተሠራ ቢሆን እንኳ 36 አምፔር እያለፈበት ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ አሠራሩ ነው፣ ጉድለቱ አይደለም። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀትም በአምፔሩ ልክ አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ድሮ ብሬከሩ ይወርድበት የነበረው ጭነት ዛሬ ሽቦው ላይ ያርፋል ማለት ነው። ልባሱ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየደረቀና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። አንድ ቀን እሳት ተነስቶ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኮንታክት ነው» ይባላል። ኮንታክቱ ግን የተጀመረው ብሬከሩ የተቀየረ ዕለት ነበር።

ትክክለኛው መፍትሔ ምጣዱን የራሱ መስመር መስጠት ነው፤ ከሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ዕቃ ሳይነካ ምጣዱ ጋ የሚደርስ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ፣ ለሽቦው የሚመጥን ብሬከር፣ ጭነቱን የሚችል ሶኬት። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የሚወፍረው ሽቦው ነው፣ ብሬከሩ ይከተላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚገባው ገመድና ቆጣሪው ራሱ የተጨመረውን ጭነት ይችሉ እንደሆነ ማስላት አለ። ይህን ስሌት ሳይሠራ ካቻቪቴ የሚያነሳ ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ተከፋይ፣ ከቤታችሁ ቢወጣ ይሻላል።

ከብሬከር ልክ ቀጥሎ ላላ ወዳለ ብሎን እንሂድ። አንድ ሽቦ ብሬከሩ ሥር ገብቶ ብሎኑ በቅጡ ሳይጠብቅ ቀረ እንበል። በመጋጠሚያው ላይ አንድ አሥረኛ ኦህም ተቃውሞ ቢፈጠር በጣም ትንሽ ይመስላል። 16 አምፔር ሲያልፍበት ግን 25 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ የድሮው ባለ 25 ዋት አምፖል የሚስበውን ኃይል በአንዲት ብሎን ሥር እንደ ማጎር ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ የሚያልፈው አምፔር ያው 16 ነውና። ሙቀቱ ብሎኑን ይበልጥ ያላላዋል፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ሽታ ይመጣል።

የሽቦው ዓይነት ሲለያይ ነገሩ ይብሳል። ከፖል ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው፤ የቤቱ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በየሰፈሩ የሚታይ ሥራ ነው። አልሙኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያወጣል፤ ከመዳብ ጋር እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይበላል። ሁለቱን የሚያገናኝ ለዚሁ የተሠራ ማያያዣ አለ። ናስትሮ መጋጠሚያ አይደለም፤ መሸፈኛ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ መንዘሩ እንምጣ። «ዋናውን ብሬከር አውርጄ ነው የምሠራው፣ ምን ይነካኛል?» የሚል አለ። ዋናው ብሬከር ሲወርድ የሚሞተው ከሱ በኋላ ያለው ነው። ከቆጣሪው መጥቶ ዋናው ብሬከር ላይ የሚገባው ሽቦ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፤ ከእጃችሁ ያለው ርቀትም ጥቂት ጣት ነው። እሱን ማጥፋት የሚቻለው ከቆጣሪው በላይ ነው። ያ ደግሞ የመብራት ኃይል ሠራተኛ እጅ ነው፤ የቆጣሪውን ማኅተም በራስ መቁረጥ በሕግም ያስጠይቃል።

ከዚህ የባሰው ልማዳችን መብራት ሲሄድ መሥራት ነው። ሰፈሩ ጨልሟል፣ ቴስተሩ አይበራም፣ «አሁን ነው ጊዜው» ይባልና ሳጥኑ ይከፈታል። መብራት ግን ሲመጣ አያንኳኳም። አንድ እጅ ፌዙ ላይ፣ ሌላው የብረቱ ሳጥን ላይ ባለበት ቅጽበት ሊመጣ ይችላል። ባለሙያ መብራት ቢሄድም ብሬከሩን አውርዶ፣ ማንም እንዳያነሳው ቆልፎ ወይም ሰው አቁሞ ነው የሚጀምረው። ቴስተሩንም አንዴ አይቶ አያምንም፤ መጀመሪያ እንደሚሠራ በሚያውቀው መስመር ላይ ይሞክረዋል፣ ከዚያ የሚነካውን ይፈትሻል፣ ከዚያ ተመልሶ ቴስተሩ ራሱ እንዳልሞተ ያረጋግጣል። የባለሙያ ጭንቀት ይህን ያህል ነው፤ እኔ በበኩሌ ያልተጨነቀ ኤሌክትሪሺያን አልወድም።

«ነዘረኝ እንጂ አልሞትኩም» የሚለው ጨዋታም አለ። የሰው አካል ተቃውሞ እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ 1,500 ኦህም ነው ብንል በ220 ቮልት የሚያልፍበት አምፔር 0.15 ገደማ ነው። በሺኛ አምፔር ስንለካው 150 ማለት ነው። ከ10 ገደማ ጀምሮ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ከ30 በላይ ለጥቂት ጊዜ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ተራው 16 አምፔር ብሬከር ደግሞ 16,000 ሺኛ ነው። ሰውየው ላይ ከሚያልፈው መቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ ብሬከሩ ምንም የተፈጠረ አይመስለውም።

ለዚህ የተሠራው ሌላ ዕቃ ነው፤ አርሲዲ ይባላል። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ 30 ሺኛ አምፔር ሲደርስ ከሦስት አሥረኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች። ቤታችሁ ካለ በየጥቂት ወሩ ተጫኗት፤ ካልወረደ ባለሙያ ጥሩ።

«እኛ ቤት ግራውንድ ተቀብሯል፣ አርሲዲ ምን ያደርግልናል?» ለሚል ይህን ስሌት ይስማ። የተቀበረው ዘንግ ከመሬቱ ጋር ያለው ተቃውሞ 50 ኦህም ነው እንበል፤ በደረቅ አፈር ከዚያም ሊብስ ይችላል። የምጣዱ ፌዝ ከብረት አካሉ ጋር ቢነካካ ወደ መሬት የሚወርደው 220 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 4.4 አምፔር ነው። 16 አምፔር ብሬከር በ4.4 አይወርድም። ምጣዱ ግራውንድ እያለውም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቀመጣል፤ ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ እንጀራ የምታወጣ ሴት ትነካዋለች። አርሲዲ ግን ገና 30 ሺኛ ላይ ይቆርጠዋል። ዘንጉ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ አብረው ነው።

አሁን ባለቤቱ ራሱ አርሲዲ ሲገጥም የሚሠራትን ስህተት ልንገራችሁ፤ በጣም የተለመደች ናት። የሁለት መስመሮችን ኒውትራል አንድ ላይ ያስራል፤ አንዱ መስመር ከአርሲዲው በኋላ፣ ሌላው ከአርሲዲው በፊት ነው። የሄደውና የተመለሰው ስለማይመጣጠን አርሲዲው መብራት በበራ ቁጥር ይወርዳል። ሰውየው ቀን ሙሉ ይታገልና በመጨረሻ «ዕቃው ብልሽት አለው» ብሎ ሽቦዎቹን በአርሲዲው ውስጥ ሳያሳልፍ በቀጥታ ያስራቸዋል። ሳጥኑ ላይ ተገጥሞ ይታያል፤ ሥራ ግን የለውም።

ሦስት ፌዝ ያላችሁ ቤቶች ደግሞ ኒውትራልን በተለይ ፍሩት። ዋናው ኒውትራል ቢላቀቅ ወይም ቢቃጠል በፌዞቹ ላይ የተሰኩት ዕቃዎች በሁለት ፌዝ መካከል ያለውን 380 ቮልት እንደ ጭነታቸው ይከፋፈሉታል። ብዙ ጭነት ያለበት በኩል መብራቱ ይደበዝዛል፤ ጥቂት ያለበት በኩል ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይቃጠላል። ሁለት ክፍል መብራት ከልክ በላይ ደምቆ ሦስተኛው ከደበዘዘ ሳጥኑን አትክፈቱ፤ ዋናውን አውርዳችሁ ለመብራት ኃይል ደውሉ።

ስለ ጄኔሬተርም አንድ ቃል። በሁለቱም ጫፍ ወንድ መሰኪያ ያለው ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን በተራ ሶኬት በኩል ለቤቱ መስጠት በአንዳንድ ሰፈር እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ዋናውን ብሬከር ማውረድ ከተረሳ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም ያንኑ 220 ገልብጦ ወደ 15,000 ቮልት ያሳድገዋል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። ለጄኔሬተር ቼንጅ ኦቨር የሚባል መቀያየሪያ አለ፤ እሱ ሳይገጠም ጄኔሬተር ከቤቱ መስመር ጋር አይገናኝም። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላምን። ጠንቃቃ የቤት ባለቤት ከብዙ ተከፋዮች የተሻለ ንጹሕ ሥራ ሊሠራ ይችላል። አይቸኩልም፣ ቤቱ የራሱ ነው፣ ልጆቹ የሚያድሩበት ነው። የሚጎድለው እጅ ሳይሆን መለኪያ ነው። ቅድም እንዳልነው የበራ ሁሉ ትክክል ካልሆነ፣ ትክክለኛነቱን የሚናገር ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ ሜገር በሚባል መሣሪያ 500 ቮልት ልኮ የሽቦውን ልባስ ይፈትሻል፤ ንባቡ ከ1 ሚሊዮን ኦህም በታች ከሆነ መስመሩን አይለቅም። ግራውንዱ እስከ መጨረሻው ሶኬት ድረስ መድረሱን፣ ፌዝና ኒውትራል አለመቀያየራቸውን፣ የዘንጉን ተቃውሞ፣ አርሲዲው የሚቆርጥበትን ጊዜ ይለካል። ይህን መሣሪያ ለአንድ ቀን ሥራ የሚገዛ አባወራ የለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሰፈራችንም ኤሌክትሪሺያን ብዙ ጊዜ አይዘውም። ስለዚህ ሰው ስትቀጥሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋ አይሁን፤ «ሜገር አለህ ወይ?» በሉት። ቀጥሎ ከኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የብቃት ማረጋገጫ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምትከታተሉንም ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ተጠንቀቁ። እስራኤል ከ1954 ጀምሮ ባለው የኤሌክትሪክ ሕግ የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2005 ወዲህ የብሬከር ሳጥን መቀየር ለሚመለከተው አካል የሚነገር ወይም በተመዘገበ ባለሙያ የሚሠራ ነው። አሜሪካ ለየት ትላለች፤ በብዙ አካባቢ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት እንዲሠራ ፈቃድ ያገኛል፤ ነገር ግን ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊትና ሥራው ሲያልቅ መርማሪ መጥቶ ያያል። አሜሪካኖቹ ባለቤቱን የፈቀዱለት ምርመራውን ሳይተዉ ነው፤ ይህን ግማሹን ብቻ ሰምተው «አሜሪካ ይፈቀዳል» የሚሉ አሉ። እግረ መንገዳችንን፣ ከአገር ቤት የሄደ 3,500 ዋት ምጣድ እዚያ 240 ቮልት ላይ ቢሰካ ኃይሉ ወደ 4,165 ዋት ይወጣል፤ አምፔሩም ከ17 ያልፋል። የሚሰካበትን መስመር ሳያስለኩ በልብስ ማድረቂያ ሶኬት መሞከር አይገባም።

እና ባለቤቱ ምን ይሥራ? ብዙ አለው። ዛሬ ማታ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ አንድ ሰው ሳጥኑ ጋ ይቁም፣ ሌላው በየክፍሉ ይዙር፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ የትኛው የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ በየብሬከሩ ሥር ጻፉ። ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም። ልጆችም ሠራተኛዋም ዋናው ብሬከር የቱ እንደሆነ ይወቁ። ከሳጥኑ ፊት ቁም ሣጥን ወይም የእህል ጆንያ ካለ አንሱት። እጃችሁን በክዳኑ ላይ ስታደርጉ ሙቀት ከተሰማችሁ፣ የሚንጫጫ ድምፅ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ ዋናውን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ። አዲስ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ልስን ከመለሰኑ በፊት የቱቦዎቹን አካሄድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከዓመታት በኋላ ግድግዳ የሚበሳ ሰው ይመርቃችኋል።

ከሳጥኑ ጭስ ከወጣ ውኃ አትርጩበት። መድረስ ከቻላችሁ ዋናውን አውርዱ፤ ካልቻላችሁ ሰው ይዛችሁ ውጡና፣ አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ደውሉ። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ባኞ ቤት ቦይለር እንነጋገራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።